የሌላ ሰው ጊደር

ቀሚሱን የገዛሁት ከጂንካ ገበያ፣ ከሰልባጅ ተራ ነው። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው ወደ ኋላ ካቆየሁት እንደገና እንዳልደብቀው ፈርቼ ነው። አዲስ ቀሚስ መግዛት አቅቶኝ አልነበረም። አዲስ ከሆነ ሰው ይነቃብኛል ብዬ ነው የተለበሰ የፈለግሁት። ሻጩ “እህቴ፣ ይሄ ላንቺ አይሆንም፣ የረጅም ሴት ነው” ብሎኝ ነበር። ቤት ወስጄ ጫፉን ቆርጬ በእጄ ዘመዘምኩት፤ ቀለሙም ለቀቅ እንዲል ደጋግሜ አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።

ያኔ በጂንካ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነበርኩ፤ በቤተ ክርስቲያናችንም መዘምራን ውስጥ አገለግል ነበር። ሰው የሚያውቀኝ ግን በዚህ አልነበረም። ምሕረት የሚለውን ስሜን የሚጠሩት እናቴና ጥቂት ጓደኞቼ ብቻ ነበሩ፤ ለቀረው ከተማ “የዶክተር ሚስት” ነበርኩ። ዶክተር የሚሉት ባለቤቴን ኤርምያስን ነው። እንደኔው የአሪ ልጅ ነው፤ ከጂንካ ወጣ ካለች መንደር ተነስቶ እስከ ላይ ድረስ የተማረ የነፍሳት ተመራማሪ። በቆላው ከብት የሚፈጀውን የገንዲ በሽታ የምታስተላልፈውን የቆላ ዝንብ የሚይዝ ወጥመድ ሠርቷል። ዝንቧ ሰማያዊ ቀለም እንደምትወድ ከእሱ በፊትም የታወቀ ነው፤ እሱም አይክድም። የእሱ ሥራ ወጥመዱን ከተራ ጨርቅና ከእንጨት ሠርቶ፣ ከብት ጠባቂው ራሱ ሰፍቶ ራሱ እንዲጠግነው ማድረጉ ነው። በኦሞ ዳር ከብቱ መሞቱን ሲቀንስ ስሙ ገነነ። ሽልማቱ፣ ጋዜጣው፣ ቴሌቪዥኑ ተከታተለ። ከዲመካ እስከ ካንጋተን “የዝንቡ ዶክተር” ካላችሁ ቤቴን ያሳዩአችኋል።

ቤቱን ካሳዩአችሁ ግን የምታገኙት እኔን ብቻ ነው። እሱ የሚኖረው አዲስ አበባ ነበር፣ በሥራው ምክንያት። እኔ ጂንካ የቀረሁት በእናቴና በትምህርት ቤቴ ምክንያት ነበር። ለሰው የምንናገረው እንዲህ ነበር። ለበዓል ሲመጣ እንግዳ ይቀበላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ማታ ማታ ጀርባውን ሰጥቶኝ ስልኩን ይጎረጉራል። ልጅ አልወለድንም። አብረን እንመርመር ስለው “እስቲ ይህ ሥራ ይለቅ” ይለኛል። እሁድ እሁድ የጸሎት ርዕስ ሲጠራ “እህታችን ምሕረትን ጌታ በልጅ እንዲጎበኛት” ይባላል፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ አሜን እላለሁ። ጋብቻችን ግን በዚያው መድረክ ለሙሽሮች ምሳሌ ሆኖ ይጠቀስ ነበር።

አንድ ቀን ከመዘምራን ሴቶች ጋር እህት ወርቅነሽ ቤት ተቀምጠን ሳለ ኤርምያስ በቴሌቪዥን ቀረበ። እህት ወርቅነሽ የመጋቢያችን ባለቤት ናት፤ በእድሜም በጸሎትም ትበልጠናለች። ጋዜጠኛው ሐሳቡ እንዴት እንደመጣለት ጠየቀው። ኤርምያስ ፈገግ ብሎ፣ “ባለቤቴ ናት ምክንያቱ” አለ። “ኦሞ ወንዝ ዳር ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ቆማ ነበር። ዝንቦቹ እኛን ሁሉ ትተው እሷ ላይ ሰፈሩ። ያን ቀሚስ መቼም አልረሳውም።”

ሴቶቹ እልል አሉ። አንዷ ተነስታ አቀፈችኝ። “ለካ ባንቺ ነው ይሄ ሁሉ!” አለችኝ።

እኔ ኦሞ ወንዝን አይቼው አላውቅም ነበር። ሰማያዊ ቀሚስም አልነበረኝም። እነሱ ግን ሁሉም ፊታቸውን ወደኔ አዙረው እየሳቁ ነው፤ እኔም ሳቅሁ። “ኧረ አስታወሰው እንዴ!” አልኩ። ይህችን ያወጣ አፌን ዛሬም ድረስ አላምነውም።

ማታውኑ ደወልኩለት። “የምን ቀሚስ ነው?” አልኩት።

“ለቴሌቪዥን ነው ባክሽ” አለኝ። “ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይወዳል። አንቺን ላክብር ብዬ ነው።”

አመንኩት ልበል? ማመን ፈለግሁ፤ እሱ ይሻላል። ወሬው ግን በዚያ አልቆመም። ከዚያ በኋላ በየቃለ መጠይቁ ቀሚሱ አልቀረም፤ የከተማው ሰውም ቀሚሱን ማየት ፈለገ። እህት ወርቅነሽ “ለሴቶች ፕሮግራም ለብሰሽው ነይና ጌታ በትንሽ ነገር እንዴት እንደሚሠራ መስክሪ” ስትለኝ ነው ሰልባጅ ተራ የሄድኩት። ለበስኩት፤ መሰከርኩም። ኤርምያስ ለገና ሲመጣ ቀሚሱን ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሎ አየው። ትንሽ ቆመና በሩን ዘጋው። ምንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ምንም አላልኩትም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በኦሞ ዳር የኛንጋቶም ወረዳ ከተማ በሆነችው ካንጋተን ላይ የእንስሳት ጤና ኬላ ተሠርቶ ኤርምያስ መርቆ እንዲከፍት ተጠራ። የወረዳው ደብዳቤ “ከባለቤትዎ ጋር” ይላል። በቃል ደግሞ ቀሚሱም እንዳይረሳ ተልኮብናል። እህት ወርቅነሽ ለጸሎት አብራን እንድትሄድ ተመረጠች።

በመነሻችን ዕለት ጠዋት ቀሚሱን ለብሼ ስወጣ ኤርምያስ ፊቱ ተለዋወጠ።

“አውልቂው” አለኝ።

“ለምን? እነሱ ናቸው ልበሽው ያሉት።”

“ዝንብ ይበላሻል። ሰውም ይስቅብኛል እኮ፤ የዝንብ ተመራማሪ ሚስቱን ሰማያዊ አልብሶ ኦሞ ይወርዳል?”

“በቴሌቪዥን ያለበስከኝ አንተ አይደለህም?”

እንዲያ ተናግሬው አላውቅም ነበር። እሱም ሊመልስልኝ ሲል እህት ወርቅነሽ “ጌታ ይባርካችሁ፣ ተነሳችሁ?” እያለች ገባች። ስታየኝ “ውይ፣ ለብሳዋለች!” ብላ አጨበጨበች። ኤርምያስ መኪናው ጋ ሄደ። ለዝንቡ አዝኖልኝ ነው ብዬ ራሴን ሳጽናና መንገዱ ተጀመረ።

ዲመካ ላይ ምሳ በላን። ኤርምያስ ምግቡን ነካክቶ ተወው፤ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ስልክ አናገረ። ሲመለስ “ሰዎቹን ፕሮግራሙን አሳጥሩት ብያለሁ፤ ሽማግሌዎች እንዲናገሩ አያስፈልግም” አለ። እህት ወርቅነሽ “ኧረ ምርቃት ያስፈልጋል” አለች። እሱ ቀድሞን መኪናው ውስጥ ገባ። ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ እየበረታ ሄደ፤ ወደ ወንዙ ስንቃረብ ዝንቦቹ በመስኮት ገብተው እውነትም እኔን መረጡ። አንዷ በቀሚሱ ላይ ጭኔን ነደፈችኝ። አለቀስኩ ማለት ይቻላል፤ የሕመሙ ነገር ግን ሰበብ ነበር።

ካንጋተን የተቀበለን ጴጥሮስ የሚባል የኛንጋቶም ተወላጅ ነው። የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ ኤርምያስ በድንኳን ከርሞ ምርምሩን ሲሠራ አብሮት የነበረውም ጴጥሮስ ነው። ከመኪና ስወርድ ቀሚሱን አየ፣ ከዚያ ኤርምያስን አየ፣ ከዚያ መሬት አየ።

“እንኳን ደህና መጡ ቲቸር” አለኝ። እጄን ሲጨብጠኝ ቀና ብሎ አላየኝም። ዓይን አፋር ነው ብዬ አለፍኩት።

ፕሮግራሙ የተካሄደው በማግሥቱ ጠዋት፣ ከአዲሱ ኬላ አጠገብ ባለ ትልቅ ዛፍ ሥር ነው። የላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፤ ጄኔሬተሩ ያጓራል፤ የቴሌቪዥን ካሜራም መጥቷል። ከፊት እኔና ኤርምያስ፣ ከጎናችን የወረዳው ኃላፊ፣ ከኋላዬ እህት ወርቅነሽ ተቀመጥን። ሕዝቡ ከብቱን ሳይቀር ይዞ መጥቷል። ንግግር ተደረገ፣ ሪባን ተቆረጠ። ኤርምያስ ሰዓቱን ደጋግሞ ያይ ነበር። ሊያበቃ ነው ስንል አንድ ሽማግሌ በርኩማ የምትባለውን ትንሽ የእንጨት መቀመጫቸውን በአንድ እጅ፣ ዘንጋቸውን በሌላው ይዘው ሕዝቡን እየሰነጠቁ መጡ።

ሎረንግ ይባላሉ። ዓይናቸው ጭጋግ ለብሷል። ዶክተሩን አልፈው እኔ ፊት መጥተው ቆሙና እየሳቁ መናገር ጀመሩ። ጴጥሮስ ማይክሮፎኑን ይዞ ወደ አማርኛ መለሰው።

“‘መጣሽ’ ይላሉ። ‘በመጨረሻ መጣሽ። ዓይኔ ሰው መለየት ትቷል፤ ልብስሽን ግን ከሩቅ አየሁት።’”

ጭብጨባው ቀለጠ። ካሜራው ወደኔ ዞረ። እኔም ሳቅሁ። እሳቸው ወደኔ ጠጋ ብለው ሽቅብ ቁልቁል እያዩኝ አንድ ነገር አሉ።

“‘ያኔ ረዘም ያልሽ መስለሽኝ ነበር፤ ዓይኔ ነው’ ይላሉ።”

ሰው ሳቀ። ሎረንግ ግን ቀጠሉ፤ ረጅም ንግግር ነበር። ወደ ሆዴ እያመለከቱ፣ ወደ ከብቶቹ እያመለከቱ ተናገሩ። ሲጨርሱ ጴጥሮስ ጉሮሮውን ጠራርጎ “ሰላምታ እያቀረቡ ነው” አለ።

ሽማግሌው አማርኛ ባይችሉም የተናገሩት እንደዚያ እንደማያጥር ያውቃሉ። ዘንጋቸውን መሬት ላይ መትተው እንደገና ጀመሩ። ኤርምያስ ተነሳና “እናመሰግናለን፣ በቃ፣ ፕሮግራሙ ይዘጋ” አለ።

ያኔ ዝም ብል ኖሮ ያልፍ ነበር። እኔ ግን መምህርት ነኝ፤ ልጆች አጋማሹን መልሰው ሲቀመጡ አልወድም። ሽማግሌውም አሳዘኑኝ።

“ጴጥሮስ፣ ያሉትን ሁሉ ንገረኝ እንጂ” አልኩት።

“ቲቸር፣ በኋላ ብነግርዎትስ?”

“አሁን ንገረኝ። እኔን ነው የጠየቁት።”

ማይክሮፎኑን ወደ ታች አወረደው፤ ግን አልዘጋውም፤ ሁሉም ሰማው። “‘በድንኳን በከረማችሁ ጊዜ በእጄ ወተት ሰጥቼሻለሁ’ ይላሉ። ‘ስትሄጂ ሆድሽ ገፍቶ ነበር። ለልጁ ይሁን ብዬ ያንን ልብስሽን የምትመስል ጊደር ሰጠሁሽ። ላም ሆናለች፤ ወልዳለች። ልጁስ? በሆድሽ የነበረውስ የት አለ?’”

ወደ ኋላ አልዞርኩም፤ ግን እህት ወርቅነሽ እዚያ እንዳለች ጀርባዬ ያውቃል። ስንት እሁድ እጇን ራሴ ላይ ጭና ልጅ እንዲሰጠኝ የጸለየች ሴት ናት። ወደ ኤርምያስ ዞርኩ። ፊቱ አመድ መስሏል። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። ይሄኔ ይክዳል፣ ሽማግሌው ተሳስተዋል ይላል ብዬ ጠበቅሁ፤ በእግዚአብሔር ስም ጠበቅሁ።

“ደህና ነች፣ ትምህርት ጀምራለች በያቸው” አለኝ በሹክሹክታ።

እንግዲህ ያወቅሁት በዚህ ነው። ሌላ የነገረኝ የለም። ትምህርት ቤት የገባች ልጅ አለችው፤ ቦርሳና ደብተር ገዝቶላታል፤ እኔ ደግሞ የእናቷን ቀሚስ አስመስዬ ለብሼ ተቀምጫለሁ።

ይህን የምታነቡ ሰዎች “እኔ ብሆን እዚያው ነበር የማፈነዳው” ትሉ ይሆናል። እኔም ለብዙ ጊዜ ስለራሴ እንደዚያ ነበር የማስበው። ካሜራው ፊቴ ላይ ነበር፤ ኃላፊው ፈገግ ብሎ ይጠብቃል፤ ሽማግሌው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው መልሴን እየጠበቁ ነው።

“ደህና ነች” አልኩ። “ትምህርት ጀምራለች።”

ጴጥሮስ መሬት መሬት እያየ ተረጎመው። ሕዝቡ ደስ አለው፤ ሴቶች ዘፈን አነሱ። ኃላፊው እጄን ይዞ “ዶክተር ልጅ እንዳላቸው አናውቅም ነበር፤ እንኳን ደስ ያላችሁ!” አለ። ሎረንግ በቅል ያመጡትን ነጭ ጭቃ በእጃቸው ዝቀው ሆዴን ቀቡኝ፤ ምርቃታቸው ነው። ጭቃው ቀዝቃዛ ነበር። በሰማያዊው ላይ የአምስቱም ጣቶቻቸው ምልክት ቀረ። ባዶ ሆዴን በሰው ሁሉ ፊት አስመርቄ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

ሰው ለምሳ ሲነሳ ከኬላው ጀርባ ኤርምያስን አገኘሁት።

“ልነግርሽ ነበር” አለኝ።

“መቼ?”

“አመቺ ጊዜ ስጠብቅ።”

“ቀሚሱን ለምን የኔ አደረግኸው?”

“ምን ልበል? የሆነው እንደዚያ ነው፤ ቀሚስ ነበረ። ጋዜጠኛው ሲጠይቀኝ ‘ባለቤቴ’ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል በቴሌቪዥን?” ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። “አንቺስ? ሰማያዊ ቀሚስ እንደሌለሽ አውቃለሁ። ከየት አመጣሽው?”

ልሰድበው የተዘጋጀሁበት ስድብ ሁሉ አፌ ላይ ጠፋ። በሌላ ሴት መከዳት ሕመም ነው፤ አንገት ግን ቀና ያደርጋል፤ ሰው ከአንቺ ጋር ይቆማል። እኔ ግን በደሉን ሰፍቼ፣ አጥቤ፣ ለብሼው ነበር። እሱ መዋሸት ጀመረ፤ እኔ ውሸቱን ቤተ ክርስቲያን ድረስ ወሰድኩለት። ያ የገና ዕለት ቁም ሳጥኑን ሲዘጋው ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

እዚያው ቆሜ ሳለሁ ጴጥሮስ መጣ። “ቲቸር፣ ሽማግሌው ወደ ከብቶቹ ይምጡልኝ ብለዋል” አለኝ። በመንገድ ላይ ነገሩን አስረዳኝ። በእነሱ ዘንድ ወዳጅነት በከብት ነው የሚታሰረው። ለወዳጅ ልጅ የተሰጠች ጊደር በሰጪው መንጋ ውስጥ ብትቆይም፣ እሷም የምትወልዳቸውም የዚያ ልጅ ናቸው። ሎረንግ አርጅተዋል፤ እሳቸው ሲያልፉ ልጆቻቸው እንዳይካፈሏቸው ይሰጋሉ። ስለዚህ እናትየው በልጆቻቸው ፊት እጇን ላሟ ላይ አድርጋ የልጇን ስም እንድትጠራ ይፈልጋሉ።

“ስም ካልተጠራስ?” አልኩት።

“ያው የቤቱ ከብት ይሆናሉ። ልጅቷ አንድ ቀን ብትመጣ የሚያውቃት የለም።”

ሎረንግ ከሦስት ጎልማሳ ልጆቻቸው ጋር ቆመዋል። ላሟ ዳልቻ ናት፤ አመድ የመሰለች፣ ፀሐይ ሲመታት ወደ ሰማያዊ የምትሄድ። ጥጃዋ ከሥሯ ትጠባለች። እጄን ያዙና ላሟ ጀርባ ላይ አኖሩት። ሞቃት ነበረች። ሁሉም አፌን ይጠብቃሉ። ማንኛውንም ስም መጥራት እችል ነበር፤ ሣራ ብል፣ ሩት ብል ማን ያውቃል? ግን የማላውቃት ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን አለች፤ ቦርሳዋን አንግታ። አባቷን ባሌ ብዬ ይዣለሁ፤ ከብቷን ደግሞ የምወስድበት ምክንያት አልነበረኝም።

“እኔ እናቷ አይደለሁም” አልኩ።

ጴጥሮስ “ልተርጉመው?” አለኝ።

“ተርጉመው።”

ከተረጎመ በኋላ ሎረንግ ቀረቡኝ። የቀሚሴን እጅጌ በጣቶቻቸው መሐል ይዘው አሹት። “ጨርቁ ግን እሱ ነው” አሉ።

“አይደለም። ከገበያ የገዛሁት ነው። እዚህ ስመጣ የመጀመሪያዬ ነው። ሚስቱ ግን እኔ ነኝ።”

“ታዲያ ለምን ለበስሽው?”

በሕይወቴ እንደዚያ ቀላል ጥያቄ ቀርቦልኝ አያውቅም። መጋቢ አልጠየቀኝም፣ እናቴ አልጠየቀችኝም፣ ራሴም አልጠየቅሁም።

“ሰው ባሏ ይወዳታል እንዲለኝ” አልኩ።

ጴጥሮስ ይህን ሲተረጉም ድምፁ ቀጠነ። ከልጆቻቸው አንዱ ፊቱን አዞረ። ሎረንግ እጅጌዬን ለቀቁት፤ እሳቸውም በሕዝብ ፊት ያልሆነ ሆድ መርቀዋልና አፍረዋል። ከዚያ ሆዴ ላይ የደረቀውን ጭቃ አይተው፣ “የመረቅሁትን አልመልስም፤ ይዘሽው ሂጂ” አሉ። “የልጅቷ ስም ማን ነው?”

“አላውቅም።”

“አባቷ ያውቃል?”

“ያውቃል።”

ጴጥሮስ “ዶክተርን ልጥራው” ሲል በእጃቸው ከለከሉት። “እሱ አብሮኝ ወተት ጠጥቶ ዛሬ ዝም አለኝ። አንቺ ዋሽተሽ ተመልሰሽ እውነቱን ነግረሽኛል። ከአንቺ ነው የምሰማው። ሂጂ ጠይቂው።”

ከከብቶቹ ምሳ እስከተዘጋጀበት ዳስ ያለው መንገድ አጭር ነው። ለእኔ ግን ሙሉ ትዳሬን ያህል ረዘመብኝ። ኤርምያስ ከኃላፊዎቹ ጋር ፎቶ እየተነሳ ነበር። አንዱ “ኑ ቲቸር፣ ይግቡ!” አለኝ። ገባሁና አጠገቡ ቆምኩ። ፎቶ አንሺው እስኪያነሳን ጠብቄ፣ “ስሟ ማን ነው?” አልኩት።

“የማን?”

“የልጅህ።”

ቀና ብሎ አየኝ። የምጮህ መስሎት ነበር፤ ትከሻው ለዱላ እንደሚዘጋጅ ሰው ተሸማቀቀ። ስድብ ቢሆን መልስ ነበረው፤ እኔ እንደምጠይቀው ግን አልጠበቀም። በትዳራችን ዘመን እሱን አፍሮ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

“ናርዶስ” አለ።

ተመልሼ ሄድኩ። እጄን ላሟ ላይ አደረግሁና “ናርዶስ” አልኩ። ልጆቻቸው ስሙን ተቀባብለው አሉት፤ ታናሽየው አልሆንልህ ብሎት ደጋገመው። ሎረንግ የላሟን ጆሮ ይዘው እንደ ምሥጢር ነገሯት። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት፤ ሰው ፊት ነበርኩ፣ ግድም አልሰጠኝም።

በመመለሻችን መኪና ውስጥ፣ ጂንካ ልንገባ ስንል እህት ወርቅነሽ እጇን ጭቃው ላይ አሳርፋ “ከኔ አይወጣም” አለችኝ በጆሮዬ።

“ከኔ ይወጣል” አልኳት።

ወጣም። ባለፈው በመሰከርኩበት የሴቶች ፕሮግራም ላይ ተነስቼ ቀሚሱ ከሰልባጅ ተራ መሆኑን ተናገርኩ። አንዳንዶቹ አለቀሱልኝ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ለወራት መንገድ ላይ ሲያገኙኝ በዓይናቸው ሆዴንና ልብሴን ይመዝኑ ነበር። አንዷ ከፕሮግራሙ በኋላ ጠጋ ብላ የትኛው ሻጭ ጋ እንዳገኘሁት ጠየቀችኝ፤ ጥሩ ጨርቅ ነበር አለች። ከኤርምያስ ጋር በሽማግሌ ተለያየን። ለእሱ አሁንም ሽልማት ይሰጡታል፤ ይገባዋልም፤ ወጥመዱ ከብት ያድናል። ቴሌቪዥን ላይ ስለ ቀሚስ ማውራት ግን ትቷል።

ውድ አንባቢዎች፣ ኀፍረት አይለቅም። ለቀቀኝ ካልኳችሁ እዋሻችኋለሁ። ስሙን በሬዲዮ በሰማሁ ቁጥር ያ ቀዝቃዛ ጭቃ ሆዴ ላይ ይሰማኛል። የተለወጠው ይህ ነው፤ ያኔ የማፍረው ሰው እንዳያውቅብኝ ነበር፤ አሁን የማፍረው ባደረግሁት ነገር ነው። በሁለተኛው ኀፍረት ሰው ተኝቶ ያድራል። ከእናንተ መሐል እንዲህ ያለ ቀሚስ የሰቀለች ካለች፣ ማውለቅ ከመልበስ በላይ ያሳፍራል፤ ግን አንዴ ነው።

ጴጥሮስ አልፎ አልፎ ይደውልልኛል፤ ሎረንግ መልእክት ሲልኩ። መልእክቱ ሁሌ አንድ ነው፤ ላሟ ወልዳለች፣ ለባለቤቷ ንገሪ። ለባለቤቷ የማደርስበት ሌላ መንገድ ስለሌለኝ ለኤርምያስ እደውላለሁ። “ላሟ ወልዳለች” እለዋለሁ፤ “እነግራታለሁ” ይለኛል፤ እንዘጋለን።

በቅርቡ ስደውል ስልኩን ያነሳችው ልጅ ናት።

“ሄሎ? አባዬ መኪና እየነዳ ነው። ማን ልበል?”

“ላሟ ወልዳለች በይው” አልኳት።

“የኔ ላም?”

“አዎ፣ ያንቺ።”

“ጥጃዋ ምን ትመስላለች?”

“ዳልቻ ናት አሉ። አመድ የመሰለች፤ ፀሐይ ሲመታት ወደ ሰማያዊ የምትሄድ።”

ትንሽ አሰበች። “እናቴ እንደዚያ ያለ ቀሚስ ነበራት” አለችኝ።

“አውቃለሁ” አልኳት። “ቀሚሱ የእሷ ነው።”